በየከተማው መሀል የተገተረው ግንብ፦ ስለ ቴክሳስ አሮጌ ፍርድ ቤቶች የምታውቁ እስቲ ኑ

መንገደኛው_18ጎማ

ሰላም ለቤቱ። ዳላስ ነው የምኖረው፣ ትራክ ነው የምነዳው። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን አገር የማውቀው በኢንተርስቴት (ግዛት ከግዛት በሚያገናኘው ትልቁ መንገድ) ብቻ ነበር። ሎድ (ጭነት) ማንሳት፣ ሎድ ማራገፍ፣ ትራክ ስቶፕ መተኛት። አንድ ቀን ከዳላስ በስተደቡብ መንገድ ተዘጋና ጂፒኤሱ ዋክሳሃቺ የምትባል ከተማ መሀል ዶለኝ። 53 ጫማ ትሬይለር እየጎተትኩ በዚያ ጠባብ መንገድ! ላቤ ጠብ እያለ አንዱን ጥግ ስታጠፍ ፊት ለፊቴ ቀይ ግንብ ተገትሯል። ማማ አለው፣ ቅስት አለው፣ ላዩ ላይ ሰዓት። ቤተ መንግሥት እንዳልል አሜሪካ ንጉሥ የላትም። ቤተ ክርስቲያን እንዳልል መስቀል የለውም።

ለካ ፍርድ ቤት ነው። የኤሊስ ካውንቲ ፍርድ ቤት (ካውንቲ ማለት በግዛቱ ሥር ያለ፣ እንደ እኛ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው)።

ከዚያ ወዲህ ሱስ ሆነብኝ። እሁድ እሁድ ልጆቼን በመኪና ጭኜ እዞራለሁ። እነሱ ያለቅሳሉ፣ እኔ ፎቶ አነሳለሁ። እስካሁን 31 አየሁ። ቴክሳስ ደግሞ 254 ካውንቲ አላት፣ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የሚበልጥ ቁጥር ነው። ገና ጀማሪ ነኝ ማለት ነው።

ያነበብኩትን ላካፍላችሁ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። እያንዳንዱ ካውንቲ መቀመጫ ከተማ አለው። ብዙ ቦታ በከተማዋ መሀል አደባባይ አለ፣ በአደባባዩ መሀል ይህ ሕንጻ ይቆማል፣ ሱቆቹ አራቱን ጎን ከበው ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ። በ1881 የግዛቱ ምክር ቤት ካውንቲዎች ቦንድ ሸጠው ፍርድ ቤት እንዲሠሩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ጉዱ የመጣው ያኔ ነው። ባቡር እየገባ ነው፣ ጥጥ እየተሸጠ ነው። ሁሉም ከተማ «የኔ ማማ ካንተ ማማ ይበልጣል» ማለት ጀመረ። የዋክሳሃቺው በ1897 አለቀ። ነዳፊው ጄምስ ራይሊ ጎርደን ይባላል፣ በቴክሳስ ብቻ ከደርዘን በላይ ፍርድ ቤት ነድፏል። ቀይ የአሸዋ ድንጋይና ግራናይት ነው።

በሮቹ አጠገብ ደግሞ ፊቶች ተቀርጸዋል። የከተማው ሰው የሚያወራው ተረት አለ። ጠራቢው የአከራዩን ሴትዮ የልጅ ልጅ አፈቀረ ይላሉ። መጀመሪያ የጠረበው ፊት እሷን የመሰለ፣ ያማረ ነው። ልጅቷ እምቢ ስትለው ፊቱ እየከፋ፣ እያስጠላ፣ መጨረሻ ላይ ጭራቅ ሆነ። ታሪክ አጥኚዎች አይቀበሉትም። አስቀያሚ ፊት መቅረጽ የዚያን ዘመን የግንባታ ስልት ነው ባይ ናቸው። እኔ ግን ተረቱን ነው የምወደው። ፊቶቹን አይታችሁ ፍረዱ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ያቺ ታናሽ ከተማ ይህን የሚያህል ፍርድ ቤት ምን ያደርግላታል? ያን ያህል ወንጀለኛ ነበራት?

ጋርላንዷ

ሃሃሃ፣ ልጆቹ አሳዘኑኝ። እኔ ኮርትሃውስ የማውቀው በጋብቻ ፈቃድ ነው። ወረቀቱን ለማውጣት በሥራ ቀን ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ፣ በመስኮቷ ያለችው ሴትዮ «72 ሰዓት ሳይሞላ መጋባት አትችሉም» አለችን። ሰርጉ ከነገ ወዲያ ነበር! ቄሱ ተጠርተዋል፣ ዶሮው ተገዝቷል። ቴክሳስ ውስጥ ለማግባት ያሰባችሁ አስቀድማችሁ ሂዱ። ፈቃዱ 90 ቀን ይቆያል፣ አትፍሩ።

አባ_ሙግት

ልጄ መንገደኛው፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳኸው። አገር ቤት ሳለሁ በጥብቅና ነው የኖርኩት፣ አሁን እዚህ የልጅ ልጅ አሳዳጊ ነኝ። ጊዜ አለኝና ልመልስልህ።

«ፍርድ ቤት» የሚለው ስም አሳስቶሃል። ያ ሕንጻ ከዳኛው ይልቅ የጸሐፊው ቤት ነው። የካውንቲው ጸሐፊ የመሬት ውሉን፣ ጋብቻውን፣ ኑዛዜውን ይመዘግባል። የከብት መተኮሻ ምልክት እንኳ እዚያው ነው የሚመዘገበው፣ እስከ ዛሬ። በየአሥር ዓመቱ ይታደሳል። በ1880ዎቹ ለነበረ ገበሬ ሕይወቱ በሙሉ በዚያ መዝገብ ቤት ነበር። መዝገቡ ከተቃጠለ መሬቱም የማን እንደሆነ ያጨቃጭቃል። ስለዚህ ከእንጨት ወደ ድንጋይ መሄዳቸው ለጌጥ ብቻ አልነበረም።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። «የኮሚሽነሮች ፍርድ ቤት» የሚባል አለ። ፍርድ አይሰጥም! የካውንቲውን በጀትና መንገድ የሚወስን ጉባኤ ነው። የካውንቲው ዳኛ ይመራዋል፣ አራት ኮሚሽነሮች አብረው ይቀመጣሉ። ዳኛው የሕግ ትምህርት የግድ አይጠበቅበትም። የቴክሳስ ሕገ መንግሥት «የግዛቱን ሕግ በሚገባ የሚያውቅ» ይሁን ይላል እንጂ ጠበቃ ይሁን አይልም። ይህን ለቀድሞ ባልደረቦቼ በስልክ ብነግራቸው ቀልድ መሰላቸው።

ጋርላንዷ

አባባ ዕድሜ ይስጥልን። እርስዎ ካሉ ሌላ ጉግል አያሻንም።

ግንበኛው

ሲቪል ኢንጂነር ነኝ፣ ፎርት ዎርዝ። ስለ ጎርደን ስትጽፍ ዋናውን ነገር ዘለልከው ወንድሜ!

ያኔ ኤሲ የለም፣ ቴክሳስ ደግሞ በነሐሴ እሳት ናት። ጎርደን በረንዳዎቹን በሕንጻው አራት ማዕዘን ላይ አስገባቸው። ጥላ ስለሆኑ አየሩ እዚያ ይቀዘቅዛል። መሀል ላይ ደረጃውን የያዘው ባዶ ቦታ ቀጥ ብሎ ማማው ውስጥ ይገባል። ትኩስ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛውን ከበረንዳው እየሳበ ክፍሎቹን ያናፍሳል። ማማው ጌጥ ብቻ ሳይሆን ጭስ ማውጫ ነው በለው። ዲኬተር ከተማ ያለው የዋይዝ ካውንቲ ፍርድ ቤት የዋክሳሃቺው መንትያ ማለት ይቻላል፣ እዚያ ገብተህ አንጋጠህ ብታይ ይገባሃል።

በኋላ ኤሲ ሲመጣ ምን አደረጉ? ሁለት ፎቅ ከፍታ ያለውን ችሎት መሀሉን ከፍለው በቆርቆሮና በሰሌዳ ጣሪያ ሸፈኑት። ሰገነቱ ጠፋ፣ መስኮቱ በግማሽ ተዘጋ። አንዳንዱ ጋ እድሳት ሲደረግ ያ የውሸት ጣሪያ ሲነሳ የድሮው ቀለም እንዳለ ከላዩ ተገኝቷል። በ1998 ብሔራዊ የቅርስ ጥበቃ ማኅበሩ የቴክሳስን ፍርድ ቤቶች አደጋ ላይ ካሉት 11 ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው። በዓመቱ፣ በ1999፣ ጆርጅ ቡሽ ልጅየው ገዢ ሳለ ግዛቱ የማደሻ ገንዘብ ፕሮግራም ጀመረ። መጀመሪያ ታድሶ የተመረቀው በ2001 አልባኒ ያለው የሻክልፎርድ ካውንቲ ነው። ከዚያ ወዲህ ከ70 በላይ ሙሉ በሙሉ ታድሰዋል።

የእሳቱ ነገር ግን አያልቅም። ሂልስቦሮ ላይ በ1890 የተሠራው በ1993 አዲስ ዓመት ቀን ተቃጠለ። ግድግዳው ብቻ ቀረ። ዘፋኙ ዊሊ ኔልሰን የዚያው ካውንቲ ልጅ ነውና ለማሠሪያ ኮንሰርት አዘጋጀ፣ በ1999 ተመልሶ ቆመ። ሜሰን ከተማ ያለው ደግሞ በ2021 ሰው እሳት ለቀቀበት።

ምን_አገባን

ይቅርታ ግን እኛን ምን አገባን? የፈረንጅ ድንጋይ ለፈረንጅ። የራሳችን ስንት ቅርስ እየፈረሰ።

ሁለተኛ_ዜጋ_አይደለሁም

ያገባናል። ዜግነት ወስደሃል? ከወሰድክ አንድ ቀን የጁሪ ደብዳቤ ይመጣልሃል፣ ችሎት ተቀምጠህ ከሌሎች ዜጎች ጋር ፍርድ እንድትሰጥ። እኔ ባለፈው ዓመት ተጠርቼ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ቀን 20 ዶላር ይከፍላሉ፣ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ 58። እስከ 2023 የመጀመሪያው ቀን 6 ዶላር ነበር አሉ! ለፓርኪንግ አይበቃም። ግን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ የአንድ ሰው ዕጣ በእኛ በአሥራ ሁለታችን እጅ ሲገባ፣ ያ ሕንጻ የፈረንጅ ድንጋይ ብቻ መስሎ አልታየኝም።

የቀረውን እንደፈለግህ በል።

ገበያተኛዋ

እኔ ካንቶን ነው የማውቀው። ከዳላስ በስተምሥራቅ አንድ ሰዓት። ወር በገባ ከመጀመሪያው ሰኞ በፊት ባሉት ቀናት ትልቅ ገበያ አለ፣ አሮጌ ዕቃ፣ ልብስ፣ ወፍ ሳይቀር። «የመጀመሪያው ሰኞ» ነው ስሙ። እንግዲህ ቅዳሜና እሁድ እየተገበያየን ለምን ሰኞ ተባለ ብዬ ጠየቅሁ። ድሮ ተዘዋዋሪው ዳኛ በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ነበር የሚመጣው። ሰው ሙግቱን ሊሰማ፣ ጉዳዩን ሊጨርስ ከየገጠሩ ይመጣል። መጣሁ ካለ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፣ ፈረሱን በቅሎውን ይዞ ይመጣል። በዚያው ይለዋወጣሉ። ዳኛው ቀረ፣ ገበያው እስከ ዛሬ አለ።

አባ_ሙግት

ገበያተኛዋ ልጄ፣ ይህን ስታወጊ ወደ ልጅነቴ መለስሽኝ። እኛም ዘንድ ሙግት የሚታየው ሰው በተሰበሰበበት ነበር። በላ ልበልሃ ሲባል ለመስማት የማይመጣ የለም። ጉዳይ የሌለው ሰው እንኳ አንደበት ሊሰማ ይመጣል። ተሟጋቹ ዘንጉን ይዞ ሲወራረድ ከአዝማሪ አይተናነስም። እነዚህም እንደዚያው ነበሩ። የፍርድ ቀን የነገር ብቻ ሳይሆን የጨዋታም ቀን ነው። ትልቁ ሰገነት ያለው ችሎት ለምን እንደተሠራ አሁን ገባህ መንገደኛው? ለተመልካች ነው።

ዝም_አልልም

ሁላችሁም ማማውንና ድንጋዩን አመሰገናችሁ። ጥሩ። ግን ያ ሰገነት ለማን ነበር? በብዙ ቦታ ጥቁሮች ተለይተው የሚቀመጡበት ነበር። «ለተመልካች ነው» ሲሉ አባባ፣ ተመልካቹ አንዳንድ ጊዜ ገመድ ይዞ ነው የሚመጣው።

ዳላስ መሀል ከተማ ያለውን ቀዩን ፍርድ ቤት ታውቁታላችሁ፣ ኬኔዲ ከተገደለበት አደባባይ አጠገብ ያለው። ኦልድ ሬድ ይሉታል፣ በ1892 ነው የተሠራው። ታክሲ ስነዳ ስንት ቱሪስት እዚያ አውርጃለሁ፣ ፎቶ አንሳን ይሉኛል። በመጋቢት 1910 አለን ብሩክስ የሚባል አዛውንት ጥቁር ሰውዬ እዚያ ለችሎት ቀርቦ ነበር። መንጋው ችሎቱን ሰብሮ ገባ፣ አንገቱ ላይ ገመድ አስሮ በፎቁ መስኮት ወደ ውጭ ወረወረው። በሜይን መንገድ ላይ ጎትተው ሰቀሉት። ሺዎች እያዩ። እኔ ያን መስኮት ሳልፍ አሁን ቀና ብዬ አላይም።

ዋኮ ደግሞ ግንቦት 1916፣ ጄሲ ዋሽንግተን፣ የ17 ዓመት ልጅ። ጁሪው የተመካከረው አራት ደቂቃ ብቻ ነው። ፍርዱ እንደተነበበ መንጋው ከችሎቱ አውጥቶ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት አቃጠለው። ከ10,000 በላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። የፎቶው ፖስትካርድ ተሸጠ። ያ ፍርድ ቤት ዛሬም ይሠራል፣ ነዳፊውም ያው የምታደንቁት ጎርደን ነው።

የደቦ ፍርድ ሲባል ፍርድ ቤቱ የሌለበት ጫካ ውስጥ የሚሆን ይመስለን ነበር። እዚህ ግን በፍርድ ቤቱ በር ነው።

መንገደኛው_18ጎማ

እውነት ለመናገር ይህን አላውቅም ነበር። 31 ሕንጻ አይቻለሁ ብዬ ፎከርኩ፣ ኦልድ ሬድን እንደ ጌጥ ነበር የማየው።

ጋርላንዷ

የሪከርድስ ሕንጻውንም ጨምሩበት፣ እዚያው ኦልድ ሬድ አጠገብ ነው። በ2003 ውኃ መጠጫው ላይ የነበረች የብረት ሰሌዳ ወደቀች። ከሥሯ «ለነጮች ብቻ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ከፍቀው ሊያጠፉት ይችሉ ነበር፣ ግን ታሪክ ነው ብለው አቆዩት። በኋላ አንዲት አርቲስት የውኃ መጠጫውን የሰብአዊ መብት ትግል ቪዲዮ የሚያሳይ አደረገችው። ውኃ ልትጠጣ ስትጎነበስ መጀመሪያ ቪዲዮውን ታያለህ፣ ውኃው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ዝም_አልልም

ሸርማንን ሳልነግራችሁ ብተወው ይቆጨኛል። ከዳላስ በሰሜን አንድ ሰዓት። ወደ ኦክላሆማ ስትነዳ ታልፈዋለህ መንገደኛው።

ግንቦት 9 ቀን 1930። ጆርጅ ሂውዝ የሚባል የእርሻ ሠራተኛ ጥቁር ሰው በግሬይሰን ካውንቲ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቀረበ። መንጋው ሕንጻውን ከበበ። የሕግ ሰዎቹ እስረኛውን የት ያድርጉት? መዝገብ የሚቀመጥበት የብረት ካዝና ክፍል ውስጥ አስገቡትና ዘጉበት። እሳት የማይገባው ክፍል ነው። መንጋው ያን ጊዜ ፍርድ ቤቱን ራሱን አቃጠለው። የእሳት አደጋ ሰዎች መጡ፣ ቱቦአቸውን ቆራረጡባቸው። ሕንጻው ወረደ። ማታ ካዝናውን ሰብረው ሲከፍቱ ሰውዬው ሞቷል። አስከሬኑን አውጥተው ወደ ጥቁሮቹ የንግድ ሰፈር ጎተቱት። ሰፈሩንም አቃጠሉት። ወታደር ገባ። ለግድያው የተቀጣ የለም።

አባባ ቅድም «መዝገቡ ከተቃጠለ» ብለው ነበር። እዚህ መዝገቡን ለማዳን የተሠራው ክፍል ነው ሰውየው የሞተበት።

አባ_ሙግት

ልጄ፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ይህን ሳነብ የአገር ቤቱ የደቦ ፍርድ፣ በቅርብ ዓመታት ያየነው፣ ፊቴ መጣ። አልዘረዝረውም።

ግን የሸርማኑን ታሪክ ጨርሰው። በዚያ ቀን ከተቃጠሉት አንዱ የዊልያም ደርሃም ቢሮ ነው። ጥቁር ጠበቃ ነበር። በኋላ ዳላስ ገብቶ ሠራ። ሂመን ስዌት የሚባለው የሂውስተን ደብዳቤ አከፋፋይ በ1946 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ልግባ ብሎ ጥቁር ስለሆነ ሲከለከል፣ ከታወቀው የጥቁሮች መብት ጠበቃ ከተርጉድ ማርሻል ጋር ሆኖ የተከራከረለት ይህ ቢሮው የተቃጠለበት ሰው ነው። በ1950 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ረቱ። ክርክሩ የተጀመረው ኦስቲን በሚገኘው የትራቪስ ካውንቲ ፍርድ ቤት ነው። ያ ሕንጻ ከ2005 ጀምሮ በስዌት ስም ይጠራል።

በጥብቅና ስኖር ቢሮዬ የተቃጠለ ቢሆን እኔ ወደ ችሎት እመለስ ነበር? እንጃ።

ልጅ_ዴንተን

ዴንተን ተማሪ ነኝ። የእኛው የ1896 የኖራ ድንጋይ ነው፣ በጣም ያምራል፣ ማታ ማታ ሣሩ ላይ ጊታር ይመታሉ። ፊት ለፊቱ ለኮንፌደሬቱ (በእርስ በርስ ጦርነቱ ባርነትን ይዞ ለመቆየት ለተዋጋው የደቡብ ወገን) ወታደር በ1918 የቆመ ሐውልት ነበር። አንድ ጥቁር አዛውንት ይነሳ እያለ ለሃያ ዓመት ያህል እዚያው እየቆመ ሲቃወም ኖረ። በሰኔ 2020 ተነሳ። ሌላው ደግሞ ኳከርታውን የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ከአደባባዩ ብዙም አይርቅም ነበር። በ1921 ከተማው ፓርክ ልሥራ ብሎ ቦንድ አጸደቀና ነዋሪዎቹን አስነስቶ ወደ ዳር አወጣቸው። ፓርኩ አሁንም አለ። እኛ የሃበሻ ተማሪዎች ፒክኒክ የምናደርገው እዚያ ነው። ሰሌዳውን አንብቤ ነው ያወቅሁት።

ምን_አገባን

እሺ። አነበብኩት ሁሉንም። ቅድም የጻፍኩትን አልሰርዘውም፣ ግን ተሳስቻለሁ።

ገበያተኛዋ

ጎበዝ! በዚህ ዘመን ኢንተርኔት ላይ «ተሳስቻለሁ» የሚል ሰውም እንደ ቅርስ ሊመዘገብ ይገባል።

ግንበኛው

ትንሽ እናቅልለው። ብላንኮ የሚባል ከተማ ድንቅ ፍርድ ቤት በ1886 ሠራ። አራት ዓመት ተጠቀሙበት። በ1890 በምርጫ ተሸነፉና መቀመጫው ወደ ጆንሰን ሲቲ ሄደ። ባዶ ሕንጻ ታቅፈው ቀሩ። ከዚያ ምን አላደረጉበትም! ባንክ፣ ትምህርት ቤት፣ ኦፔራ ቤት፣ ሆስፒታል ሆነ። በ1980ዎቹ አንድ ባለሀብት ገዝቶ ድንጋዩን አንድ በአንድ ነቅሎ ወደ እርሻው ሊወስደው ሲል ነዋሪው ማኅበር አቋቁሞ አስቀረው። አሁን ሰርግ ይደገስበታል። ጋርላንዷ፣ ያኔ አውቀሽው ቢሆን።

ጋርላንዷ

72 ሰዓቱን እዚያም አይምሩንም!

መንገደኛው_18ጎማ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ኦክላሆማ ስሄድ ሸርማን ላይ ወረድኩ። በ1936 የተሠራው አዲሱ ፍርድ ቤት ቆሟል። ማማ የለውም፣ ሰዓት የለውም፣ ቀጥ ያለ ነው። ፎቶ አላነሳሁም። አንድ ዙር ዞሬ ወጣሁ።

የሚቀጥለው ጎንዛሌስ ነው። እዚያም የጎርደን ሥራ አለ፣ 1896። አልበርት ሃዋርድ የሚባል ሰው በ1921 ከመሰቀሉ በፊት ከእስር ቤቱ መስኮት የፍርድ ቤቱን ሰዓት እያየ ቀኑን ይቆጥር ነበር ይላሉ። «ንጹሕ ከሆንኩ ይህ ሰዓት ሁለተኛ በትክክል አይሠራም» ብሎ ማለ አሉ። የከተማው ሰው አራቱ የሰዓት ፊቶች አንድ ዓይነት ጊዜ አያሳዩም እያለ ያወራል። ከዚያ ደግሞ ማርፋ፣ ሮዙ ፍርድ ቤት፣ 1886። አናቱ ላይ ያለችው የፍትሕ ሐውልት ሚዛን የላትም። አንድ ካውቦይ «በዚህ ካውንቲ ፍትሕ የለም» ብሎ በጥይት መትቶ ጣለባት ነው ተረቱ። ከዳላስ የስምንት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ወደዚያ ሎድ ያለው ዲስፓቸር (ጭነት የሚያከፋፍል ሰው) ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ልጅ_ዴንተን

ትሬይለሩን ይዘህ አደባባይ እንዳትገባ እንጂ።

መንገደኛው_18ጎማ

አንዴ ገባሁ፣ ይበቃል።